የሚከብደው የት ላይ ነው? ስለ ጊታርና ስለ ከባድ ሙዚቃ ልምምድ



ጊታር የሚማሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያቀርቡት አቤቱታ አለ። «ይህን ሙዚቃ ስንት ወር ለፋሁበት፤ አሁንም እዚያው ቦታ ስደርስ ይይዘኛል» ይላሉ። ጥሩ አቤቱታ ነው፤ ግማሹን መፍትሔ ይዞ መጥቷልና። ተማሪው የሚይዘውን ቦታ ያውቀዋል። ጉዱ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ጊታሩን አንስቶ፣ ቃኝቶ ሲቀመጥ ከዚያ ቦታ አይጀምርም፤ ከመጀመሪያው ይነሳል። መጀመሪያውን ደግሞ ድሮ ችሎታል። ሁለት ደቂቃ ያህል እያማረለት ይጫወትና እዚያ ሲደርስ ይሰናከላል፤ ይናደዳል፤ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሳል። ማታ ሒሳቡ ሲታይ መጀመሪያውን አሥራ አምስት ጊዜ አሳምሮ፣ ክፉውን ቦታ ደግሞ አሥራ አምስት ጊዜ አበላሽቶ ተጫውቷል። ጣቶቹ ሁለቱንም እኩል ተምረዋል።

ዛሬ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው። ከባድ የሚባል ሙዚቃ ከዳር እስከ ዳር ከባድ አይደለም። አራት አምስት ደቂቃ ከሚፈጅ ድርሰት ውስጥ በእርግጥ የሚከብዱት ጥቂት ሰከንዶች ናቸው፤ እነሱም እዚህም እዚያም ተበታትነው ነው የሚገኙት። ምስር የምትለቅም ሴት ዓይኗ የሚያርፈው ጠጠሩ ላይ ነው፤ ምስሩንማ በእጇ ገፋ አድርጋ ታልፈዋለች። ልምምዳችንም እንዲህ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ጊታር ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ ባልተቀመጠ ነበር።

በደፈናው ከማወራ አንድ ድርሰት ይዤ ልሂድ። «የአልሃምብራ ትዝታዎች» ይባላል፤ ደራሲው ስፔናዊው ጊታሪስት ፍራንሲስኮ ታሬጋ ነው። በ1852 ቪያሪያል በምትባል ከተማ ተወልዶ በ1909 ባርሴሎና ውስጥ አረፈ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ታሬጋን አላውቀውም የምትሉ ሥራውን ግን በደንብ ታውቁታላችሁ። ያ የኖኪያ ስልክ ጥሪ «ግራን ቫልስ» ከተባለው የጊታር ድርሰቱ የተቆረጠ ነው። ታክሲ ውስጥ ጥሪው ሲጮህ ተሳፋሪው ሁሉ ኪሱን የሚዳብስበት ዘመን ነበር፤ ሰውየው ይህን ቢያይ ይኩራ ይዘን እንጃ።

«የአልሃምብራ ትዝታዎች» ስሙን ያገኘው የሙስሊም ነገሥታት ግራናዳ ከተማ ላይ ካሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። ሲሰሙት አንድ ሰው ዜማውን የሚያንቆረቁር፣ ሌላው ከሥር የሚያጅበው ይመስላል። ተጫዋቹ ግን አንድ ነው። ማሲንቆ ቀስቱ ክሩ ላይ እስካለ ድረስ ድምፁን ይስባል፤ ጊታርና ክራር ይህ ጸጋ የላቸውም። ክሩ አንዴ ከተነካ ድምፁ ወዲያው መክሰም ይጀምራል። ስለዚህ በጊታር ረጅም ድምፅ ማስመሰል የፈለገ ሰው አንዱኑ ኖታ በፍጥነት ደጋግሞ መንካት አለበት። ትሬሞሎ የሚባለው ይህ ነው። አውራ ጣት የአጃቢውን ኖታ ይነካል፤ ከዚያ የቀለበት ጣት፣ የመሐል ጣት፣ ሌባ ጣት በተራ የዜማውን ኖታ ይነካሉ፤ ወዲያው አውራ ጣት ይመለሳል፤ እንዲህ እያለ ሙዚቃው እስኪያልቅ።

ድርሰቱ በሦስት ምት የሚሄድ ነው። በእያንዳንዱ ምት ስምንት፣ በአንድ ባር ውስጥ 24 ንክኪ አለ። ሜትሮኖሙን 60 ላይ ብታደርጉት፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ምት ብትሄዱ፣ ቀኝ እጅ በየሰከንዱ ስምንት ጊዜ ክር ይነካል። ብዙ ጊታሪስቶች ከዚያም ፈጠን ይላሉ።

ታዲያ የሚከብደው የት ላይ ነው? ፍጥነቱ ነው የማይል የለም። እኔ አይመስለኝም። ከትንሿ ጣት በስተቀር ያሉትን ጣቶቻችሁን ጠረጴዛ ላይ በተራ አንኳኩ፤ ጊታር ነክታችሁ የማታውቁ እንኳ ፍጥነቱ ብዙም አይቸግራችሁም። የሚቸግረው እኩል ማድረጉ ነው። የቀለበት ጣት በጅማት ከጎረቤቶቹ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ብቻውን መንቀሳቀስ አይወድም። ማረጋገጥ የምትፈልጉ መዳፋችሁን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፤ የመሐል ጣታችሁን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ከመዳፋችሁ ሥር አድርጉት፤ አሁን የቀለበት ጣታችሁን ብቻ ለማንሳት ሞክሩ። እያየሁ ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ቂም ይዛችሁበታል። ይህ ጣት ነው እንግዲህ ከአውራ ጣት ቀጥሎ በትክክለኛው ቅጽበት፣ በትክክለኛው ጉልበት ክሩን እንዲነካ የሚጠበቀው። ትንሽ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ዜማው መፍሰሱ ቀርቶ መንገዳገድ ይጀምራል።

ሌላም አለ። ዜማው ሲጀምር ሁለተኛው ክር ላይ ነው የሚቀመጠው። ከላይም ከታችም ሌላ ክር ስላለ ጣት ጥቂት ሚሊሜትር ከሳተ አንደኛውን ክር ይነካል። ይህ ጠባብ ቦታ ለጀማሪ ከፍጥነቱ ይልቅ አስጨናቂ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ተማሪዎችን የሚያታልለው ሦስተኛው ነው። ተጫዋቹ ኮርድ ሲቀይር ትሬሞሎው ይቆራረጣል። የተቆራረጠው የቀኝ እጅ ድምፅ ስለሆነ ቀኝ እጁን ይከስሳል፤ ሳምንታት ሙሉ ቀኝ እጁን ያሠለጥናል፤ ለውጥ የለም። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ግራ እጅ ነው። አንዱ ጣት ወደሚቀጥለው ፍሬት ዘግይቶ ስለሚደርስ ቀኝ እጅ ሳይታወቀው ቆም ብሎ ይጠብቀዋል። ይህን ለመለየት ጥበብ አያስፈልግም። ግራ እጃችሁን ከጊታሩ አንሱና ያንኑ ባር በክፍት ክሮች ብቻ በቀኝ እጅ ተጫወቱት። ካልተቆራረጠ ቀኝ እጅ ነጻ ነው። ቀጥሎ ቀኝ እጃችሁን አሳርፉና የግራ እጁን ለውጥ ያለ ድምፅ ሥሩት፤ ጣቶቹን እያያችሁ፣ የትኛው መጨረሻ እንደሚደርስ እየለያችሁ። መጨረሻ የሚደርሰው ጣት ብዙውን ጊዜ ቀደም ብሎ መነሳት ሲገባው ያልተነሳው ነው። ሁለቱም እጆች ለየብቻ ደህና ከሆኑ ችግሩ መገናኛቸው ላይ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ከለውጡ በፊት ያለችውን አንድ ምትና ከለውጡ በኋላ ያለችውን አንድ ምት ብቻ ቆርጣችሁ ትይዛላችሁ። ስድስት ወር የፈጀው ችግር ሁለት ምት ሆኖ ቁጭ ይላል። ሁለት ምት ደግሞ ማንም አይፈራም።

«ቀስ ብለህ ተለማመድ» የሚለው ምክር በየትኛውም አስተማሪ አፍ ላይ አለ። ትክክል ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ሰው ቀስ ሲል ጣቱን ከክሩ ርቆ እንዲወዛወዝ ይፈቅድለታል፤ ጊዜ አለዋ! ፍጥነት ሲመጣ ያን ያህል ለመወዛወዝ ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ የለመደው እንቅስቃሴና በፍጥነት የሚያስፈልገው እንቅስቃሴ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆናሉ። ቀስ ያለ ልምምድ የሚጠቅመው ጣቶቹ በሙሉ ፍጥነት ላይ እንደሚሆኑት ክሩን ተጠግተው፣ በትንሽ እንቅስቃሴ፣ ተራቸው ሳይደርስ ክሩ ላይ አርፈው ሲጠብቁ ነው። ሜትሮኖምን ዛሬ 40፣ ነገ 42፣ ከነገ ወዲያ 44 እያሉ መግፋትም፣ የሚወዱትን ባላስቀይምም፣ ብቻውን ሩቅ አያደርስም። በመሐሉ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ አንዷን የአራት ንክኪ ዙር ብቻ በሙሉ ፍጥነት ተጫውቶ ማቆም። ማቆም፤ እጅን ማላላት፤ እንደገና አንድ ዙር። ሲረጋጋ ሁለት ዙር። ጣቶቹ የመጨረሻውን ፍጥነት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በቁንጥር ይቀምሱታል፤ ለመጨነቅ ግን ጊዜ አያገኙም።

እኩልነቱን ለመስማት ደግሞ ቀጭን ጨርቅ ከክሮቹ ሥር፣ ከድልድዩ አጠገብ ጎስጉሱ። የጊታሩ ረጅም ድምፅ ይታፈንና ንክኪው ብቻ ይቀራል፤ የሰነፈው ጣት ማን እንደሆነ ያኔ ይጋለጣል። ከዚያ ጉልበቱን አንዴ በቀለበት ጣት፣ አንዴ በመሐል ጣት ላይ እያደረጋችሁ ተጫወቱ። በስልካችሁ ቅዱትና ስሙት፤ እየተጫወተ ራሱን በትክክል የሚሰማ ሰው ብዙ አይደለም።

ይህን ሁሉ የምለው ከአስተማሪ ልማድ ብቻ ተነስቼ አይደለም። በ2009 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ዱክና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። አሥራ ሰባት የላቁ የፒያኖ ተማሪዎች ከሾስታኮቪች ኮንቸርቶ የተወሰደ አጭርና አስቸጋሪ ክፍል ተሰጣቸው። የፈለጉትን ያህል ተለማመዱ፤ በማግስቱ ተመልሰው ተጫወቱት፤ አጥኚዎቹም ደረጃ አወጡላቸው። ከላይ የወጡት ረጅም ሰዓት የተለማመዱት አልነበሩም። ብዙ የደጋገሙትም አልነበሩም። ሲጀምሩ ያልተሳሳቱትም አልነበሩም፤ እንደማንኛውም ሰው ተሳስተዋል። የለያቸው ከስህተቱ በኋላ ያደረጉት ነው። ስህተቱ ያለበትን ቦታ በትክክል ይለያሉ፤ ፍጥነት ቀንሰው ያንኑ ቦታ ብቻ ይሠራሉ፤ ሳይስተካከል አያልፉትም። ሌሎቹ ግን ስህተቱን አልፈው ይቀጥላሉ።

በዚህ ምክንያት ነው ለመላቅ «አሥር ሺህ ሰዓት» ልምምድ ያስፈልጋል ሲባል የማልደሰተው። ቁጥሩ የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በርሊን ውስጥ በቫዮሊን ተማሪዎች ላይ ሠርተው በ1993 ካሳተሙት ጥናት ነው፤ በሕዝብ ዘንድ ያነገሠው የማልኮልም ግላድዌል የ2008 መጽሐፍ ነው። ኤሪክሰን ራሱ በኋላ ተቃውሞታል። አሥር ሺህ የተባለው ምርጦቹ ተማሪዎች ሃያ ዓመት እስኪሞላቸው የደረሱበት አማካይ እንጂ ደፍ አይደለም፤ ከመካከላቸውም ግማሽ ያህሉ በዚያ ዕድሜ አልደረሱበትም። ኤሪክሰን አጥብቆ የተናገረው ስለ ሰዓቱ ብዛት ሳይሆን ስለ ልምምዱ ዓይነት ነበር። ሰው ግን ቁጥር ይወዳል።

እንቅልፍንም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ተመራማሪው ማቲው ዎከርና ባልደረቦቹ በ2002 ሰዎች የጣት ቅደም ተከተል በኪቦርድ ላይ እንዲለማመዱ አድርገው ነበር። ሌሊቱን ተኝተው ሲመለሱ ያለ ተጨማሪ ልምምድ ፍጥነታቸው ሃያ በመቶ ያህል ጨመረ፤ ሳይተኙ ያንኑ ያህል ሰዓት የቆዩት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ተከታይ ጥናት ለእኔ ይበልጥ ያስደንቃል። እንቅልፍ የበለጠ ያሻሻለው ድሮም ቀላል የነበሩትን እንቅስቃሴዎች አልነበረም፤ ጣት የሚዘገይባቸውን፣ የሚያሰናክሉትን መሸጋገሪያዎች ነበር። እንግዲህ ክፉውን ቦታ ማታ ለይታችሁ ሠርታችሁት ከተኛችሁ፣ እናንተ ስታንኮራፉ ሥራው ይቀጥላል ማለት ነው። ከሁለት ሰዓት የእሑድ ልምምድ ይልቅ ሃያ ሃያ ደቂቃ በየቀኑ የምመርጠውም ለዚህ ነው። በእነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ውስጥም አንዱን ቦታ እስኪሰለች ከመደብደብ ሦስት ቦታዎችን እያፈራረቁ መሥራት ይሻላል። በዕለቱ የባሰ ይመስላል፤ በማግስቱ ግን ይበልጥ ጸንቶ ይቀራል። ይህ ከ1979 ጀምሮ የእንቅስቃሴ ትምህርት አጥኚዎች ያሳዩት ነገር ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ከባድ ሙዚቃ ሲባል በብዙ ወጣቶች ጆሮ የሚመጣው የሮክ ሶሎ ነው። የእኛ ሙዚቃ ግን ለጊታር የራሱ ጠጠሮች አሉት። ትዝታ ሜጀር የተባለውን ቅኝት ውሰዱ። ከክፍት ክር ተነስታችሁ በዚያው ክር 2ኛ፣ 4ኛ፣ 7ኛ፣ 9ኛ ፍሬት፤ ከዚያ 12ኛው ላይ ትዘጉታላችሁ። ለጣት የተመቸ ነው። አንቺ ሆዬ ግን በዚያው ክር ላይ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛ፣ 9ኛ፣ 12ኛ ነው። ከ1ኛው ወደ 5ኛው ያለው ዝላይ ግራ እጅን ከቦታው ይነቅለዋል፤ ፈጣን ሐረግ ሲሆን ደግሞ መድረሱ አጠራጣሪ ነው። አንድ ሰው ይህን ዝላይ ለወራት ሊያሠለጥን ይችላል። ሌላው ደግሞ ቆም ብሎ ያስባል። ከስድስተኛው ክር ክፍቱንና 1ኛውን ፍሬት ተጫውቶ ወደ አምስተኛው ክር ያልፋል፤ እዚያ ክፍቱን፣ 1ኛውንና 4ኛውን፤ ከዚያ አራተኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ያሳርፈዋል። ኖታዎቹ አንድ ናቸው፤ እጁ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ዝላዩ ጠፋ። ብዙ ክፉ ቦታዎች እንዲህ ናቸው፤ ልምምድ ሳይሆን የጣት አመራረጥ ነው የሚፈታቸው። ስለዚህ መቶ ጊዜ ከመድገማችሁ በፊት ሌላ መንገድ እንዳለ ፈልጉ።

ችክችካም አለ። ስድስት ስምንተኛው ምት በሁለትም በሦስትም ተከፍሎ ስለሚሰማ፣ እግሩን በሁለት እየመታ እጁ በሦስት የሚሄድበት ተጫዋች አንዱን ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል። ፈጣን ሶሎ የሚያንበለብል ልጅ ለአንድ ዘፋኝ ሪትም ያዝ ሲባል የሚንተባተብበት ጊዜ አለ። መድኃኒቱ ጊታሩን ማስቀመጥ ነው። በእግር ሁለቱን፣ በጭብጨባ ሦስቱን አድርጎ፣ ዜማውን በአፍ ማንጎራጎር። ሰውነቱ ያልያዘውን ምት ጣቱ አይዘውም። የኢቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት የነበረውን ሰላም ስዩምን ስሙት። በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከኢቤክስ ጋር የሠራው «ኧረ መላ መላ» ላይ ጊታሩ ከዘፈኑ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ለመስማት ኖታ ማንበብ አያስፈልግም፤ ቁጭ ብሎ ደጋግሞ መስማት ነው።

በካሴት ዘመን አንድ ሐረግ ለመልቀም ወደኋላ እያጠነጠኑ ሪከርደሩን መጨረስ ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ ካሴቱ እየዘገየ ቅኝቱ ይወርድና ጊታሩን እንደገና ለማስማማት ትግል ነው። አሁን ዩቲዩብ ፍጥነቱን በግማሽ ሲቀንስ የድምፁን ከፍታ አይቀይረውም። ይህን ጸጋ ይዞ ሙሉውን ዘፈን ሃያ ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው ግን አሁንም ከመጀመሪያው የሚነሳው ተማሪ ነው። አራት ሰከንድ ቆርጣችሁ አዳምጡ። በአፋችሁ አዚሟት። ከዚያ ጊታር።

ስለ ጤና ባጭሩ። ድካምና ሕመም አንድ አይደሉም። የጡንቻ መዛል ሲያርፉ ይለቃል፤ ጅማት ላይ የሚወጋ ሕመም ካለ የዕለቱ ልምምድ አብቅቷል። ፒያኒስቱ ሊዮን ፍላይሸር በ1960ዎቹ የቀኝ እጁ ጣቶች አልታዘዝ ብለውት ለብዙ ዓመታት የግራ እጅ ድርሰቶችን ብቻ ለመጫወት ተገደደ፤ ጊታሪስቱ ዴቪድ ሌይስነርም በተመሳሳይ የእጅ ሕመም ለዓመታት ከመድረክ ርቆ፣ አጨዋወቱን ከመሠረቱ ለውጦ ነው የተመለሰው። እልህ ለጊታር አይሆንም።

መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ሌላ አደጋ ይጠብቀዋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻ የለመደ ጣት የሚያውቀው አንድ መንገድ ነው፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ መግቢያ የለውም፤ ስለዚህ ተመልካች ፊት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ይህን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ለተጫዋቹም ለተመልካቹም ያሳቅቃል። ድርሰቱን ስድስት ሰባት ቦታ ላይ ክፈሉት፤ ከየትኛውም ቦታ ተጠርታችሁ መነሳት እስክትችሉ ተለማመዱ። የመጨረሻውን ክፍል አስቀድማችሁ ተማሩት። ወደሚያውቁት አገር እየተጠጉ መሄድ ወደማያውቁት ከመሄድ ይቀላል።

በመጨረሻ ሁልጊዜ የምጠየቀው ጥያቄ አለ፤ «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ኮርድ መቀየርና አርፔጂዮ መጫወት የሚችል ሰው «የአልሃምብራ ትዝታዎችን» ለመጫወት በወራት እንጂ በሳምንታት ባያስብ ይሻለዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቢያስቀምጠውና ሌላ ነገር ሠርቶ ቢመለስበት አንዳንዱ ጠጠር በራሱ ጠፍቶ ያገኘዋል፤ የቀረው የትኛው እንደሆነም ይበልጥ ይታየዋል።

ሰው ፊት ልትጫወቱት ስትቀመጡ ግን ፍጥነቱን የመጀመሪያው ባር እንዲወስንላችሁ አትፍቀዱለት። መጀመሪያው ቀላል ስለሆነ ሳታስቡት ያስፈጥናችኋል፤ ዕዳው የሚከፈለው ክፉው ባር ላይ ነው። ክፉውን ባር በልባችሁ አዚሙት፤ በእርግጠኝነት የምትችሉበትን ፍጥነት ከእሱ ውሰዱ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ኖታ ንኩ። ለሰሚው ያ ፍጥነት ዘገምተኛ አይሆንበትም፤ ታሬጋም ይህን ድርሰት የጻፈው ለእሽቅድምድም አይደለም።

እዚህ ላይ ላብቃ። ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ ጊታራችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ የሚይዛችሁን ቦታ ብቻ አሳዩኝ፤ ከመጀመሪያው አትጀምሩ።